አሥራ አንዱን ቆርጦ ሦስቱን መተው፦ የሁምቦ ኮረብታ የካርቦን ሒሳብ

ሐዋሳ ግቢያችን ውስጥ አንድ የብሳና ጉቶ አለ። ዛፉን ከሁለት ዓመት በፊት ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። ቅርንጫፉ የመብራት ሽቦ ላይ እየተንጠለጠለ አላስቀምጥ አለኝ። ቆራጮቹ ሒሳባቸውን ተቀብለው ሲሄዱ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ብሳና ግን እንዲህ በቀላሉ እጅ የሚሰጥ ዛፍ አይደለም። ክረምት ሲገባ ጉቶው ዙሪያውን ቀንበጥ አወጣ። በሁለተኛው ዓመት ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ሆነ። ስቆጥረው 14 ግንድ። እያንዳንዱ ከመጥረጊያ እንጨት ትንሽ ወፈር ያለ፣ ቁመቱ ግን ከቤቱ ቆርቆሮ ያለፈ።

ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ዛፍ ቆርጬ 14 አገኘሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ጎረቤታችን ጋሼ ጡረታ የወጡ የደን ባለሙያ ናቸው። የተማሩት ወንዶ ገነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ተከፍቶ ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የደን ኮሌጅ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቡና ሊጠጡ መጡ። ጉቶውን አዩት። ዞሩት። ከዚያ «መጋዝ አለህ?» አሉኝ። አመጣሁ። ቡናው ሳይፈላ 11 ግንድ መሬት ላይ ተጋደመ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እያሳሳሁልህ ነዋ። ከፊሉን ቆርጦ ለቀረው ቦታ መስጠት።»

«ካርቦኑስ?» አልኩ። የዚያን ሰሞን ዛፍ ከአየር ስቦ እንጨቱ ውስጥ ስለሚያከማቸው ካርቦን ብዙ ሳነብ ስለከረምኩ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

ሳቁ። «ካርቦኑንማ ቁጭ ብለን እንቆጥረዋለን።»

ባለቤቴ ከኩሽና ብቅ ብላ «ግቢውን ራቁቱን አስቀራችሁት» ብላ ተመለሰች። እኛ ቁጭ ብለን መቁጠር ጀመርን። ቆጠራው ከጉቶዬ ተነስቶ ወላይታ ገባ፤ ሁምቦ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ቆጠራ ውጤት ነው።

ኮረብታው

ሁምቦ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ ወረዳ ነው። ከሐዋሳ ስትነሱ በሻሸመኔና በሐላባ አድርጋችሁ ሶዶ ትገባላችሁ፤ ከዚያ ቁልቁል ነው። የአካባቢው ኮረብታ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በአብዛኛው ደኑን አጥቶ ነበር። ዛፉ ለማገዶና ለከሰል ሄደ። ሣሩን ከብት ጨረሰው። ዝናብ ሲመጣ አፈሩ ታጥቦ ግርጌው ያለ እርሻ ላይ ተከመረ።

ከሩቅ ላየው ሰው ኮረብታው የሞተ ነው። ባለሙያ ቀርቦ ሲያየው ግን መሬቱ ሥር አንድ ነገር አለ። የተቆረጡት ዛፎች ጉቶና ሥር አልሞተም። በየዓመቱ ቀንበጥ ያወጣል። ፍየል ይቀነጥበዋል ወይ ሰው ለጭራሮ ይቆርጠዋል። ደግሞ ያወጣል። ደግሞ ይቆረጣል። እንዲህ ሆኖ አንድ ዛፍ ለብዙ ዓመት ከጉልበት ሳያልፍ ይኖራል። ሥሩ የአዋቂ ነው፣ ቁመቱ የሕፃን።

ይህን የመሬት ሥር ሀብት ወደ ሥራ የለወጠው ዘዴ ስሙ የታወቀው በኒጀር ነው። ቶኒ ሪናውዶ የሚባል አውስትራሊያዊ ባለሙያ ማራዲ በሚባል አካባቢ ለዓመታት ችግኝ ሲተክል ከረመ። አብዛኛው ደረቀበት። እ.ኤ.አ. በ1983 ግን ቁጥቋጦ መስሎት ያልፈው የነበረው ነገር የተቆረጠ ዛፍ ቀንበጥ መሆኑን አስተዋለ። ከዚያ በኋላ መትከሉን ትቶ ያለውን ወደ መንከባከብ ዞረ።

ሁምቦ ላይ ወርልድ ቪዥን የተባለው የረድኤት ድርጅት ይህንኑ ይዞ ገባ። 2,728 ሄክታር የሚሆን ኮረብታ ተከለለ። ነዋሪው በሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጀ፤ የመሬቱም የተጠቃሚነት መብት በማኅበራቱ ስም ሆነ። ከብት እንዳይገባ ተከለከለ። ሣር ግን አጭዶ ተሸክሞ መሄድ ተፈቀደ። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ቦታ የለማው በችግኝ አይደለም፤ ከእነዚያ ጉቶዎች ነው። ጉቶ በሌለበት ገላጣ ቦታ ብቻ ችግኝ ተተከለ። ዛፎቹም የአገር ዛፎች ናቸው፤ ግራር፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብሳና የመሳሰሉት።

ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 በኪዮቶ ስምምነት የንፁህ ልማት አሠራር ውስጥ ተመዘገበ፤ በታዳጊ አገር የተያዘ ወይም የተቀነሰ ካርቦን በቶን ተቆጥሮ፣ ክሬዲት ተብሎ የሚሸጥበት አሠራር ነው። በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ላይ ይይዛል ተብሎ ታሰበ። ከዚህ ውስጥ 165,000 ቶኑን የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ሊገዛ ተዋዋለ።

እንግዲህ የዚህ ኮረብታ ዋና የእጅ ሥራ ጋሼ ግቢዬ ውስጥ የሠሩት ነው። ከየጉቶው ላይ ረጅሙንና ቀጥ ያለውን መርጦ መተው። የቀረውን መቁረጥ። የተተወውን እስከ ወገቡ ድረስ ከቅርንጫፍ ማጽዳት። ተመልሶ መጥቶ አዲስ የወጣውን ማንሳት። ነገሩ ግራ ያጋባል፤ ካርቦን ለማከማቸት የተቋቋመ ፕሮጀክት ሥራውን የሚጀምረው በመቁረጥ ነው።

የጉቶው ሒሳብ

ጋሼ ወረቀትና እስክሪብቶ ሳይሉ በስልካቸው ካልኩሌተር ነው የሠሩት። የዛፍ ክብደት ሳይቆርጡ ለመገመት ሦስት ነገር ያስፈልጋል። በደረት ቁመት ላይ፣ ማለትም ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብሎ የሚለካ ውፍረት፤ ዙሪያው ሳይሆን ከጎን እስከ ጎን ያለው፣ በሳንቲ ሜትር። ቁመት፣ በሜትር። የእንጨቱ እምቅነት፣ ማለትም አንድ ሳንቲ ሜትር ኪዩብ እንጨት ስንት ግራም እንደሚመዝን። እነዚህን ይዞ ለሐሩር አካባቢ ዛፎች የሚሠራ አንድ የታወቀ ቀመር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ። ውፍረቱን በራሱ ታባዛለህ፣ በቁመቱ ታባዛለህ፣ በእምቅነቱ ታባዛለህ። የተገኘውን ወደ 0.976 ኃይል ከፍ አድርገህ በ0.0673 ታባዛለህ። የሚወጣው ከመሬት በላይ ያለው ደረቅ ክብደት ነው፤ በኪሎ።

ቀመሩ የተሠራው 5 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ለሆኑ ዛፎች ነው። ለቀንበጥ ስትጠቀምበት ግምት እንጂ ሚዛን አይደለም። ለቡና ጨዋታ ግን በቂ ነው።

የእኔ ቀንበጦች ውፍረታቸው 3 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመታቸው 4 ሜትር ገደማ። የብሳናን እምቅነት 0.5 ብለን ያዝነው። አንዱ ግንድ 1.1 ኪሎ ይመዝናል። አሥራ አራቱ 15.8 ኪሎ። ጋሼ ሦስቱን ሲተዉ የቀረው 3.4 ኪሎ ነው። ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ጉቶዬ ከመሬት በላይ ካለው ካርቦን ከ100 እጅ 79ኙን አጣ።

«አየህ?» አሉ ጋሼ። «ማሳሳት በቆረጥክበት ቀን ኪሳራ ነው። ይህን የሚደብቅህ ሰው ካለ ሌላ የሚሸጥልህ ነገር አለው።»

ከዚያ ወደፊት ሄድን። ሦስቱ ግንዶች 5.4 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 6 ሜትር ቁመት ሲደርሱ ከአሥራ አራቱ ጋር እኩል ይመዝናሉ። 8 ሳንቲ ሜትርና 7 ሜትር ሲሆኑ አንዱ 13.2 ኪሎ፣ ሦስቱ ወደ 40 ኪሎ ይሆናሉ። ከደረቅ እንጨት 47 በመቶው ካርቦን ነው ብንል 18.7 ኪሎ ካርቦን። ያንን ካርቦንን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚለውጠው ቁጥር፣ በ3.67 ስታባዛው ወደ 69 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ዋናው ምስጢር ውፍረቱ በራሱ መባዛቱ ነው። ውፍረት እጥፍ ሲሆን ክብደት እጥፍ አይሆንም፤ ቁመቱ ባይጨምር እንኳ አራት እጥፍ ሊጠጋ ነው።

እኔ በዚህ ጊዜ እጄን እያፋተግኩ ነበር። ከ15.8 ወደ 40! ማሳሳት አዋጣ!

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ቆይ እንጂ። አሥራ አራቱስ ዝም ብለው ሊጠብቁህ ነበር?»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የደን ሪፖርት የሚጽፈውም ጭምር። የተሳሳውን ደን ካለፈው ራሱ ጋር ያወዳድረዋል። ትክክለኛው ንጽጽር ግን ሳይሳሳ ቢተው ኖሮ ዛሬ ከሚሆነው ጋር ነው። ያልተነካውም ያድጋል። አሥራ አራቱ ግንዶች እየቀጠኑም ቢሆን ያድጉ ነበር፤ ደካሞቹ በራሳቸው ጊዜ ይደርቁና ጠንካሮቹ ቦታውን ይወስዱ ነበር። ደን ራሱን ያሳሳል። ጊዜ ይወስድበታል እንጂ።

ጋሼ በሞሰብ መሰሉት። አንድ ኮረብታ የሚያገኘው ብርሃን፣ ውሃና የአፈር ምግብ አንድ እንጀራ ነው። ማሳሳት ሞሰቡ ዙሪያ የተቀመጠውን ሰው ይቀንሳል። ለቀረው ሰው ጉርሻው ይተልቃል። እንጀራው ግን አይጨምርም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዛፍ ሲወፍር አይተን ኮረብታው በጠቅላላ ብዙ ካርቦን ያዘ ብንል ጉርሻውን ከእንጀራው ጋር አምታታን ማለት ነው።

በተፈጥሮ እያገገመ ባለ ደን ውስጥ በአብዛኛው የሚታየውም ይኸው ነው። ቀለል ያለ ማሳሳት ከሆነ የጎደለው በጥቂት ዓመታት እየሞላ ይሄዳል። ከበድ ያለ ከሆነ ለረጅም ጊዜ ጉድለቱ ይታያል። የአፈሩ ካርቦን በቀላል ማሳሳት ያን ያህል አይነካም፤ የሚጎዳው በእንስሳት ሲረገጥና በጎርፍ ሲታጠብ ነው። ካርቦን ብቻ የሚያሳስበው ሰውና ማንም የማይደርስበት ደን ካለ፣ በብዙ ቦታ የሚያዋጣው መልስ «አትንካው» ነው።

ታዲያ ሁምቦ ለምን ተቆረጠ?

ፍየል፣ ድርቅ፣ ማገዶ

መጀመሪያ፣ ከጉቶ የሚወጣ ቀንበጥ ከዘር እንደበቀለ ዛፍ አይደለም። አሥራ አራቱም የሚጠቡት ከአንድ ሥር ነው። ዝናብ ሲያጥር ሁሉም አብረው ይጠማሉ። የሚተነፍሰው ቅጠል ሲቀንስ ሥሩ ያለውን ውሃ ለጥቂቶች ያዳርሳል። ደረቅ ቦታ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሁሉንም ቀንበጥ መላጨት ደግሞ ተቃራኒ ጥፋት ነው። ሥሩን የሚመግብ ቅጠል ይጠፋል። ይህ ሲደጋገም ጉቶው አንድ ቀን አልወጣም ይላል። ሦስት የመተው ትርጉሙ ይኸው ነው፤ አንዱ ቢሰበር ወይ ቢሰረቅ ተተኪ አለ።

ሁለተኛ፣ ፍየል። ቁጥቋጦ ሆኖ የቀረ ዛፍ ሁልጊዜ ከፍየል አፍ በታች ነው። ጉልበቱ በሁለትና በሦስት ግንድ ሲሰበሰብ ጫፉ ቶሎ ወደ ላይ ያመልጣል። እሳትም እንዲሁ ነው። ከታች የተጠራቀመ ደረቅ ጭራሮ ሲነሳና የታችኛው ቅርንጫፍ ሲጸዳ የሣር እሳት ወደ አናት የሚወጣበትን መሰላል ያጣል። ከተቃጠለ ደን የሚወጣ ካርቦን ከተሳሳ ደን ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም።

ሦስተኛው ላይ ልቆይበት፤ ለእኔ የሁምቦ ጉዳይ ያለው እዚህ ነው።

ቁጥሩን እንየው። 880,000 ቶን ለ30 ዓመት፣ ለ2,728 ሄክታር ሲካፈል በአንድ ሄክታር በዓመት 10.8 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገደማ ነው። ወደ እንጨት ስንመልሰው ሥሩን ጨምሮ 6 ቶን ደረቅ ክብደት አካባቢ። ለሚያገግም ደን ጥሩ እድገት ነው። ገንዘቡስ? ባዮካርቦን ፈንድ ለ165,000 ቶን ሊከፍል የታሰበው ቢያንስ በ10 ዓመት ውስጥ ከ726,000 ዶላር በላይ ነበር። ለቶን 4.40 ዶላር ገደማ ማለት ነው። በሄክታር ሲመነዘር በዓመት ወደ 27 ዶላር።

27 ዶላር። ማኅበራቱ ከካርቦኑ ገቢ ወፍጮና የእህል ማከማቻ ሠርተውበታል፤ በጋራ ሲሰበሰብ ሥራ ይሠራል። ግን አንዲት እናት ነገ ጠዋት ምጣድ ሥር የምትማግደውን አይሆናትም። የካርቦን ክፍያ የሚመጣው ተለክቶ፣ ተረጋግጦ፣ ከዓመታት በኋላ ነው። ማገዶ የሚያስፈልገው ዛሬ ነው። ኮረብታ ከልለህ «ለ30 ዓመት አትድረሱበት» ብትል የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ቀን ጠባቂ ይቆማል፣ ሌሊት መጥረቢያ ይሰማል።

ማሳሳቱ የሞላው ይህን ክፍተት ነው። ከየጉቶው የሚነሳው ቀንበጥ ገና በመጀመሪያው ዓመት ሸክም ጭራሮ ይሆናል። ሣሩ ለከብት ይታጨዳል። ሰው ከኮረብታው የሚጠቀመው ዛፉ ሳይሞት ነው። በዛፍ ደረጃ ሲታይ ማሳሳት ካርቦን ያስወጣል። በኮረብታ ደረጃ ሲታይ ግን የቀረው እንዳይጨፈጨፍ የተከፈለ ክፍያ ነው። በቀመሩ ውስጥ ይህ አይታይም። ቀመሩ የሚያውቀው ውፍረት፣ ቁመትና እምቅነት ብቻ ነው። መጥረቢያ የያዘ ሰው ምን አስቦ ቤቱ እንደተመለሰ አያውቅም።

ጋሼ ይህን ስላቸው ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። «እሱ ማኅበሩ ጠንካራ ሲሆን ነው» አሉ። «ማሳሳት የሚል ስም ተሰጥቶት ግንዱ ሁሉ ሲወሰድ ያየሁበት ቦታ አለ። የት እንደሆነ ተወው። ሦስት ይተው ሲባል አንድ ይተዋሉ፤ ያውም ጠማማውን። ጥሩው ለአጣና ይሄዳል።» ልክ ናቸው። መልካሙን ቆርጦ ደካማውን መተው ማሳሳት አይባልም። በቀመሩ ግን በዚያ ቀን ሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ። ልዩነቱ የሚታየው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

ከሰሉ የሚሄድበት

የተቆረጠ እንጨት ካርቦኑን የሚለቀው በተቆረጠበት ቅጽበት አይደለም። ሲቃጠል ወይ ሲበሰብስ ነው። ስለዚህ ጭራሮው የት ገባ የሚለው የሒሳቡ ግማሽ ነው። አጣና ሆኖ አጥር ላይ ከቆመ ለዓመታት ይቆያል። መሬት ላይ ከተተወ ቀስ እያለ ወደ አፈር ይገባል፣ ከፊሉም ወደ አየር። ምድጃ ውስጥ ከገባ ያኔውኑ ይወጣል፤ ግን ሌላ ዛፍ ሊቆረጥ የነበረውን ተክቶ ከሆነ ኪሳራው ይቀንሳል።

የከፋው ከሰል ነው። በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰለው ባህላዊ ምድጃ ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከ10 እስከ 20 ኪሎ ከሰል ነው። የቀረው ጭስ ሆኖ እዚያው ጫካ ይቀራል። እኛ ሐዋሳ ያለን ሰዎች መብራት ሲጠፋ ከሱቅ በላስቲክ ገዝተን ማንደጃ ላይ የምናፈሳት ከሰል በስንት ግንድ እንደመጣች ለማሰብ ይህ ቁጥር ይበቃል። ከሁምቦ ኮረብታ የተከለከለ ከሰል አክሳይም ሙያውን ይዞ ወደ ሌላ ኮረብታ ሊሻገር ይችላል። የካርቦን ሰዎች ይህን «ማፈትለክ» ብለው ከሒሳቡ ያስቀንሱታል። የተከለከለውን ሰው ኑሮ ግን የትኛውም ሠንጠረዥ አይቆጥረውም።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። በዚያ የኪዮቶ አሠራር ለደን ይሰጥ የነበረው የካርቦን ክሬዲት ጊዜያዊ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ያልፍበት ነበር፤ ደኑ አሁንም መኖሩ እንደገና ካልተረጋገጠ በሌላ መተካት ነበረበት። መጀመሪያ ሳነበው የገዢዎች ጭቅጭቅ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ተገቢ ሆኖ አገኘሁት። ፋብሪካ ያላወጣው ጭስ አንዴ አልወጣም። ዛፍ የያዘው ካርቦን ግን በአንድ ክብሪት ይመለሳል።

ወደ አርባ ምንጭ ስወርድ በሁምቦ አልፌያለሁ። መኪናው አይቆምም፣ ሰውም አያስተውለውም። ችግኝ በመስመር የተተከለበት ደን አይመስልም። የተዘበራረቀ ነው፤ አንዱ ዛፍ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን፣ መሀሉ ሣር። ባህር ዛፍ ለለመደ ዓይን ያልተሠራበት ይመስለዋል። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ደስ አላቸው። «ያልተሠራበት ከመሰለህ በደንብ ተሠርቷል ማለት ነው» አሉ።

የእኔዎቹ አሥራ አንድ ግንዶች ለአንድ ሳምንት ግድግዳው ጥግ ተደግፈው ከረሙ። አራቱ የባለቤቴ ቲማቲም መደገፊያ ሆኑ። የቀሩት ደርቀው ለበዓል ዶሮ ወጥ ተማገዱ፤ ብሳና ጭሱ ያስለቅሳል። ጉቶው ላይ ያሉት ሦስቱ ወፍረዋል። ባለፈው ሰኞ በልብስ ስፌት ሜትር ዙሪያቸውን ለካሁና በ3.14 አካፈልኩ። ትልቁ 4.6 ሳንቲ ሜትር። ከሥሩ ስድስት አዲስ ቀንበጥ ወጥቷል። መጋዙን ጋሼ ወስደውታል፤ ቅዳሜ እመጣለሁ ብለዋል።